የጎደለው ስድስት ፓውንድ

ልጄ የሚነዳት መኪና በር የላትም። መጀመሪያ ሲነግረኝ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ፣ "ታዲያ በምን ልትገባ ነው፣ በጭስ ማውጫዋ?" አልኩት። በመስኮት ነው የሚገባው። ማዕድ ላይ በሥርዓት መቀመጥ ያስተማርኩት ልጅ እንደ ሌባ በመስኮት ይገባል፣ በቀበቶ ተጠፍሮ ይታሰራል፣ ከዚያ እንደ እሱ ከታሰሩ ሰዎች ጋር ክብ እየዞረ ይሽቀዳደማል። ስቶክ ካር ይሉታል። መኪናዋ ከውጭ ሲያዩዋት መንገድ ላይ የምናያትን ተራ መኪና ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ብረት በብረት ነው፤ ከአንድ ወንበርና ከመሪ በቀር ምንም የለም። "ይኼ ሥራ ነው?" ስለው "ማሚ፣ ፕሮፌሽናል ነኝ እኮ፣ ይከፍሉኛል" ይለኛል። ቀን ቀን ጋራዥ ይሠራል፤ እኔ ለሰው ስናገር የጋራዡን ብቻ ነበር የምናገረው።

እኔ ፌርፋክስ የሚባለው መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ሠሪ ነኝ። ባለቤቴ ከበርባንክ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የኖረ የታክሲ ሹፌር ነው። እሱ ዝምተኛ፣ እኔ ነገረኛ። "ዝም አይነቅዝም" ይላል ሲናደድ፤ እኔ ደግሞ ያልተናገርኩት ነገር ሆዴ ውስጥ ይነቅዛል። ልጁን መኪና ያስለመደው እሱ ነው። ልጁ ገና እግሩ ፔዳል ሳይደርስ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባዶ ፓርኪንግ ሎት ይወስደውና ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስይዘው ነበር። "ተው አንተ ሰውዬ፣ ፖሊስ ያይሃል" ስለው "ቀስ ብለን እኮ ነው" ይለኛል። ቀስ ብሎ የጀመረው ነገር የት እንደደረሰ ይኸው።

ይህ የማወራው ነገር የሆነው ባለቤቴ ልቡን በታመመበት ዓመት ነው። ጥምቀት እንዳለፈ፣ አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ መነሣት አቃተው። ወደ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ደረቱን ከፈቱት። ስለዚያ ብዙ አላወራም፤ ያየ ያውቀዋል። ሐኪሙ ወጥቶ "ደህና ነው፣ ይተርፋል" ሲለን ልጄ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ቀበረ። እኔ እልል ልል ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ።

ባለቤቴ ወደ ቤት ተመልሶ ገና ሳይጠነክር ሁዳዴ ገባ። ሐኪሙ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም፣ እንቁላልም ዶሮም ይብላ ብሎ አዝዞ ነበር። የንስሐ አባታችንም ቤት ድረስ መጥተው "ሕመምተኛ አይጾምም፤ ፈቅጄልሃለሁ፣ ብላ" አሉት። ተፈቀደለት እንጂ አልተዋጠለትም። ዕድሜውን ሙሉ ሁዳዴን ገድፎ የማያውቅ ሰው ነው፤ በዚያ ሙቀት ታክሲው ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ይውል የነበረ ሰው። እንቁላሉን ሳቀርብለት ቀና ብሎ አያየኝም። አንድ ቀን ልጃችንም እያለ፣ ሹካውን አስቀመጠና "እኔ ዘንድሮ ምን ይዤ ነው ፋሲካ የምደርሰው?" አለ። አንጀቴን በላው። ልጄ ስልኩን እየነካካ ነበር፤ የሰማም አልመሰለኝ።

ልጄ የሚኖረው ፓልምስ ሰፈር፣ ከጓደኛው ጋር ነው። ጓደኛውም እንደ እሱ እዚሁ የተወለደ የሐበሻ ልጅ ነው፤ በውድድር ቀን የመኪናዋን ጎማ የሚቀይረው እሱ ነው። ልጄ እንደማይጾም ስለማውቅ ጣጣ አላበዛበትም። ረቡዕ ቀን በርገር ይዞ ስንት ጊዜ አግኝቼዋለሁ! ስለዚህ ሁዳዴም ቢሆን ለማይጾሙት ደንበኞች ከምንሠራው ጥብስ፣ አንዳንዴም ዱለት፣ በዕቃ ሞልቼ እልክለታለሁ። "ብላ፣ መሪ የሚይዝ ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ጾሙን እኔ እጾምላችኋለሁ" እለዋለሁ። "ኦኬ ማሚ፣ ታንክ ዩ" ብሎ ግንባሬን ስሞኝ ይሄዳል። ዕቃው ታጥቦ ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ዕቃ ሲመለስላት ደስ የማይላት ወጥ ሠሪ የለችም። ጉንጩ ገባ ማለቱን አይቼ ነበር፤ ብጠይቀው "ጂም ነው፣ ማሚ" አለኝ። እኔ ሞኟም አመንኩ።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በረሃው ጫፍ ላይ ባለ ትራክ ውድድር ነበረበት። ያ ውድድር እንደሌላው ጊዜ አልነበረም። በአገር ደረጃ ከሚወዳደር አንድ ትልቅ ቡድን አንድ ሰውዬ ሊመጣ ነው። ለመጪው ዓመት ሹፌር ይፈልጋሉ፤ ያላቸው አንድ ቦታ ነው። ሰውዬው "ማታ ዋናው ውድድር ላይ ሲነዳ ልየው" ብሏል። ችግሩ ዋናው ውድድር ውስጥ ለመግባት ማጣሪያ ማለፍ አለ። ልጄ በዚያ ሳምንት ደውሎ "ማሚ፣ ይኼ ካለፈኝ እንደዚህ ያለ ነገር መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ምናልባት አይመጣም" አለኝ። ድምፁ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ነው ስቶክ ካሩን መጥላቴን ለጊዜው ያቆምኩት።

ባለቤቴ "እኔም እሄዳለሁ" አለ። ከሕመሙ ወዲህ ራቅ ብሎ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ለእኔ ሽሮና ጎመን፣ ለእሱ የዶሮ ሾርባ፣ ለልጄ ደግሞ ጥብስ ቋጠርኩ። ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ምሳ፤ አንድ ቤተሰብ ሳይሆን ሆቴል ነው የሚመስለው። መንገዱን ሙሉ ባለቤቴ "ቀስ በይ" ይለኛል። "ልጅህንስ ለምን ቀስ በል አትለውም?" አልኩት። ሳቀ፤ ሲስቅ ደረቱን በእጁ ይደግፋል።

ማጣሪያው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እያንዳንዱ ሹፌር ብቻውን ሁለት ዙር ይዞራል፤ የተሻለው ሰዓቱ ይያዝለታል። ስምንቱ ፈጣኖች በቀጥታ ወደ ዋናው ያልፋሉ። ልጄ ተራው ደርሶ ሲወጣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ "አምላኬ አደራ፣ አምላኬ አደራ" እላለሁ። ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል፤ መሬቱ ከጫማዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዓይኔን ስገልጥ ሰሌዳው ላይ የልጄ ቁጥር አራተኛ ላይ ተቀምጧል። አራተኛ! እልልታዬን አቀለጥኩት። አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች የደነገጡ መስለው አዩኝና ወዲያው አብረውኝ መጮህ ጀመሩ። ባለቤቴ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ "አየሽው? ኩርባውን አየሽው?" ይለኛል። እኔ ምኑንም አላየሁም።

ሮጬ ልጄ ወዳለበት ሄድኩ፤ ባለቤቴ በራሱ እርምጃ ከኋላዬ ይከተለኛል። መኪናዎቹ ተሰልፈው ሚዛን ላይ እየወጡ ነበር። ሕጉ፣ መኪናዋ ሹፌሩ ውስጧ ተቀምጦ ከተወሰነ ክብደት ማነስ የለባትም። የቀለለ ይፈጥናልና፣ ሁሉም እኩል ይሁን ነው ነገሩ። ሚዛኑ እንደ ሥጋ ቤት ሚዛን የሚንጠለጠል አይደለም፤ መሬት ላይ የተነጠፉ አራት ብረቶች ናቸው፣ ጎማዎቹ በላያቸው ይቆማሉ። ቁጥሩን የምታነበው ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ተቆጣጣሪ ናት። አነበበች። እጇን አወዛወዘች። መኪናዋን ገፍተው አወረዷት፣ መልሰው አወጧት። እንደገና አነበበች። የልጄ ቡድን አለቃ፣ አንድ መላጣ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ እንግሊዝኛው ባይገባኝ ኖሮ እንኳ ኮፍያው ይበቃኝ ነበር።

መኪናዋ ስድስት ፓውንድ ጎድላለች። ስድስት ፓውንድ! ስድስት ፓውንድ ሽንኩርት እኔ ባንድ እጄ ነው የማነሣው። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ሰዓቱ ተሰረዘበት። አራተኛነቱ እንዳልነበረ ሆነ። አሁን የቀረለት፣ ያላለፉት ሁሉ የሚጋፉበት የመጨረሻ ማጣሪያ ነው፤ እሱንም ከኋላ ተሰልፎ ይጀምራል። ከዚያ ውስጥ የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው።

እኔ ዝም እላለሁ እንዴ? "ሚዛናችሁ ነው የተበላሸው!" አልኳት ተቆጣጣሪዋን። "እኔ ኪችን ውስጥ ስንት ሚዛን ሲዋሽ አይቻለሁ!" ሴትዮዋ ረጋ ብላ፣ ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ነው፣ ሌሎቹንም የመዘነው እሱ ነው አለችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ግን ልበላት ነበር። ባለቤቴ ደርሶ እጅጌዬን ሳብ አደረገኝ።

ሽማግሌው መኪናዋ ሥር ገባ። ክብደቷ እንዲሟላ ሆዷ ላይ በብሎን የሚያስሯቸው እርሳስ የሚባሉ ከባድ ብረቶች አሉ፤ እነሱን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ቆጠረ። አንዱም አልወደቀም። "በየካቲት ልጁን አስቀምጠን መዝነናታል" አለ ከሥሯ እየወጣ። "ስምንት ፓውንድ ትርፍ ነበረን።" ጠዋት ለሙከራ ሚዛን ላይ መውጣት ይቻል ነበር፤ ወረፋው ስለረዘመ "ምን የተለወጠ ነገር አለ?" ብሎ ትቶታል። ይህን እያለ በመስኮቱ ልጄን አየውና "እስኪ ውጣ" አለው።

ልጄን ለብቻው ሰው መመዘኛ ላይ አቆመው። ከየካቲት ወዲህ አሥራ አራት ፓውንድ ቀንሷል። ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ታመሃል?" አለው።

ወይ ጉድ! አንድ ሰው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ሳይነሣ ሲቀር ካየሁ ገና ወራት ነው። ልጄን ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጂም አይደለም ይኼ። ዓይኑ ሥር ጠልቋል፣ የጉንጩ አጥንት እጄ ላይ ይቆረቁረኛል። "ምን ሆነሃል? ንገረኝ፣ ምን ደበቅከኝ? እኔ እናትህ ነኝ!" እያልኩ ሰው ሁሉ እስኪያየኝ ጮህኩ። መሬት መሬቱን ያያል።

የመለሰልኝ ጓደኛው ነው። ጎማ እንደታቀፈ ጠጋ ብሎ "ማዘር፣ አትቆጪኝ" አለኝ።

"ምን አድርገህ?"

"ምግቡን... የምበላው እኔ ነኝ።"

ያኔ አስተውዬ አየሁት። ሆዱ የሥራ ልብሱን ዚፕ ወጥሮታል። ለካ ሁዳዴን ሙሉ የቀለብኩት እሱን ኖሯል! "አንተ ሆዳም፣ ዕቃውንም ያጠብከው አንተ ነህ?" አልኩት። "አዎ ማዘር፣ በደንብ ነው የማጥበው" አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

"እየጾምኩ ነው፣ ማሚ" አለ ልጄ።

"ምን?"

"ሁዳዴን። ከመጀመሪያው ቀን።"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት?"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት።"

"ውሃም?"

"ውሃም።"

"ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ይበላል እኮ!" አልኩት። እዩኝ እንግዲህ፣ ልጄ ከስቶ ፊቴ ቆሞ እኔ ሥርዓት አስተምረዋለሁ።

"አውቃለሁ፤ ኢንተርኔት ላይ አንብቤአለሁ።" ትንሽ ፈገግ አለ። "ዛሬ ጠዋት ኦትሚል በልቻለሁ። በውሃ፣ ያለ ወተት።"

"ማን ጹም አለህ? መቼ ነግሬህ አውቃለሁ?"

ወደ አባቱ አየ። አባቱ ከእኔ ጀርባ ቆሟል። ልጄ አማርኛው ሲያጥረው እንደሚያደርገው ጣቶቹን እያፍተለተለ እንዲህ አለ፦ "ባቢ ኦፕራሲዮን ሲያደርጉት ኮሪደሩ ላይ ጸለይኩ። እንዴት እንደሚጸለይ በደንብ አላውቅም። ሶ፣ ዲል አደረግኩ። 'አባቴን ተውልኝ፣ ዘንድሮ የእሱን ጾም እኔ እጾማለሁ' አልኩ።"

ስለት ማለቱ ነው። ቃሉን አያውቀውም፤ እኔ አላስተማርኩትማ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?"

"ብነግራችሁ ባቢ 'ተው' ይለኛል። አንቺ ደግሞ ፌርፋክስን በሙሉ ትነግሪያለሽ።"

ልክ ነው፤ እነግር ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቡና የሚጠጣውንም ፓርኪንግ የሚጠብቀውንም አንድ ባንድ እያቆምኩ ነበር የምነግረው። እሱ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ቆየ። ይኼ ዝምታ የአባቱ ነው።

ባለቤቴ ወደ ልጁ ጠጋ አለና ሁለት ጣቱን ልጁ በለበሰው የእሳት መከላከያ ልብስ አንገትጌ ውስጥ አስገባ። ለሕፃን ልብስ ስንገዛ ይሰፋዋል ይጠበዋል ብለን እንደምናደርገው። ልብሱ ሰፍቶታል። ባለቤቴ ጣቶቹን አወጣና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ሌላ ሌላውን አየሁ።

ሽማግሌው ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቀ፤ የልጄ ጓደኛ አስረዳው። ሽማግሌው ብዙ ነገር ያየ ሰው ነው፤ ነዳጅ ሲደበቅ፣ ሞተር ሲጭበረበር፣ ሹፌሮች ኪሳቸው ውስጥ ብረት ከትተው ሚዛን ላይ ሲወጡ። ጾሞ የቀለለ ግን አይቶ አያውቅም። ራሱን ነቀነቀና "ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?" አለ። "ፋሲካ ዕለት" አልኩት። "ጥሩ፤ እስከዚያ እርሳስ ልፈልግ" ብሎ ሄደ።

ትርፍ እርሳስ አልያዙም። ከጎናችን ባለው ድንኳን ያሉት ተወዳዳሪዎች፣ ልጄን ማሸነፍ የሚፈልጉት እነዚያው፣ አንድ ቁራጭ አበደሩን። ተባረኩ። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ሕጉ እያንዳንዱ እርሳስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ የራሷ የመኪናዋ ቁጥር ይጻፍበት ይላል፤ ትራኩ ላይ ቢወድቅ ባለቤቱ እንዲታወቅ። በእሱ ላይ ያለው የሌላ ሰው ቁጥር ነው። ሳይቀየር ቢገኝ ሌላ ጥፋት፣ ሌላ ቅጣት። የልጄ ጓደኛ ነጭ ቀለም ነፋበትና ጥቁር መጻፊያ ሲፈልግ ባለቤቴ እጁን ዘረጋ። "ወዲህ በለኝ" አለው።

"አትጎንበስ!" አልኩት። "ሐኪሙ ምን አለህ?"

ማን ሰምቶኝ። አንድ እጁን ጎማ ላይ ደግፎ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አለበት። ከዚያ የልጁን ቁጥር ጻፈ፤ አንዱን አሐዝ ጨርሶ ሌላውን ሲጀምር ትንፋሹን ይሰበስባል። ልጄ ራስ ቁሩን ይዞ ከላይ ያየዋል። ከልጄ ገላ ስለ አባቱ የጎደለውን ነው ባለቤቴ እየጻፈ ወደ መኪናዋ የመለሰው። እርሳሱን ሊያነሣ ሲል ግን ልጄ ቀድሞ አነሣው። "ሄቪ ነው፣ ባቢ" አለው። አባትየው "አውቃለሁ" አለ። ልጄ በመስኮት ገባ።

እኔ እንግዲህ አጥሩ ጋ ቆሜ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። እውነቴን ነው፣ እንደ ጎረቤት ነው የተጣላሁት። "ስለ አባቱ የጾመ ልጅ እንዲህ ይደረጋል? ይኼ ነው ዋጋው? ሌላው ጮማ በልቶ አለፈ፣ የእኔ ጎመን በልቶ ተሰረዘ። አሁን ካላሳለፍከው አላናግርህም" አልኩት። አጠገቤ ያለችው ፈረንጅ ሴት የምጸልይ መስሏት ትከሻዬን ዳበሰችልኝ።

ውድድሩ ተጀመረ። ልጄ ከሁሉም ኋላ ነው። አንዱን አለፈ። ሁለቱን አንድ ላይ በውስጥ በኩል አለፈ። ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው ከፊቱ ሲሽከረከሩ በመካከላቸው ሾልኮ ወጣ። እኔ የሰውን እጅ ይዤ እጨምቃለሁ፤ የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም። አምስተኛ ሆነ። አራተኛ ሆነ። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጮህ ሰማሁት፤ "ቀስ! ቀስ ብለህ ያዘው! አሁን!" ይላል፣ ልጁ ጭኑ ላይ የተቀመጠ ይመስል። ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው ሁለተኛ ሆነ።

ሁለተኛ ማለፊያ ነው። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

በኋላ ሽማግሌው እንዳስረዳኝ፣ በጥድፊያ የታሰረው እርሳስ ቦታው አልተመቸም። ጎማው ሲደክም መኪናዋ ኩርባ ላይ አልታዘዝ አለች። የመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ተንሸራተተች፤ ከኋላው የነበረው በተከፈተለት ቦታ ገባ። መስመሩ ላይ ሲደርሱ ልዩነታቸው የመኪና አፍንጫ ያህል ነው። ልጄ ሦስተኛ ወጣ። የሚያልፉት ሁለት ናቸው።

ወደ ድንኳናቸው ስንደርስ ከትልቁ ቡድን የመጣው ሰውዬ የሽማግሌውን እጅ ጨብጦ እየሄደ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፣ ለልጄም "ጥሩ ነድተሃል" አለው። ማታ ዋናው ላይ የሚነዱትን ሊያይ ሄደ። ያቺን አንድ ቦታ ለሌላ ልጅ እንደሰጧት በዚያው ሳምንት ሰማን።

ልጄ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ልብሱን እስከ ወገቡ አውልቋል፤ ካኒቴራው በላብ ደረቱ ላይ ተጣብቆ የጎድን አጥንቱ ይታያል። እርር ድብን አልኩ። እነ ሽማግሌው እሳት አንድደው በርገር ይጠብሱ ነበር፤ ሽማግሌው አንዱን በዳቦ አድርጎ አመጣለት። "ብላ ልጄ፣ ውድድሩ አልቋል እኮ" አለው። ልጄ "ኖ፣ ታንክ ዩ" አለ።

ተቀብዬ እኔ ራሴ አፉ ጋ አደረስኩት። ሥጋ፣ በሁዳዴ፣ በገዛ እጄ! "ብላ!" አልኩት። "ይበቃሃል። ጾመህ ምን አገኘህ? ዕድልህን አጣህ፣ ሰውነትህን ጨረስክ። ስለቱ ይቅር፣ ቄሱን እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር እንደሆነ የልፋትህን አልሰጠህም፣ አንተም አትስጠው!"

ቀና ብሎ አየኝ። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ ግራ የገባው ነው የሚመስለው። እጄን ከነበርገሩ በቀስታ ዝቅ አደረገው።

"ማሚ፣ ሬሱን መቼ ለመንኩት?" አለኝ። "እኔ የለመንኩት ሌላ ነው። እሱን ሰጥቶኛል እኮ። ያውና፣ በእግሩ እየመጣ ነው።"

ዞሬ አየሁ። ባለቤቴ በጎማዎቹ መካከል፣ አንዱን መኪና ያዝ አንዱን ለቀቅ እያደረገ፣ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ይመጣ ነበር።